ሁለተኛው ጭረት

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ፣ ጎረቤቶቹ ፈርሰው እሱ ሳይነካ የቀረ አንድ የድንጋይ ቤት አለ። ከፊት ለፊቱ ጫማ ይሸጥበታል። በጓሮው በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ሁለት አንጥረኞች አንድ ጠረጴዛ ተካፍለው ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። አንደኛው እንድሪስ ነው፤ አባቱ ከወሎ ይዘውት የመጡትን ሙያ የወረሰ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ዝምተኛ ሰው። ሁለተኛው በርሄ ነው፤ አክሱም ተወልዶ አራዳ የጎለመሰ፣ እጁ ሲሠራ አፉም አብሮ የሚሠራ።

እንድሪስ ወርቅ የሚበይደው በትንፋሹ ነው። ኩራዟን ያበራና የናሱን ቱቦ በጥርሱ ይይዛል። ጉንጩን ነፍቶ አየሩን በቀስታ ሲለቅ፣ የኩራዟ ነበልባል ጎንበስ ብሎ እንደ መርፌ ይሾላል። በዚያች ሹል እሳት ከፀጉር ጥቂት የሚወፍሩ የወርቅ ክሮችን እርስ በርስ ያያይዛል። በርሄና ሌሎቹ የፒያሳ አንጥረኞች ወደ ጋዝ መበየጃ ከዞሩ ቆይተዋል። እንድሪስ ግን ወፍራም ሥራ ካልመጣ ጋዙን አይነካውም። ጋዝ ይጮኻል፣ ይቸኩላል፤ ክሩ መቅለጥ ሲጀምር ለመመለስ ፋታ አይሰጥም። ትንፋሽ ግን ዓይን ያየውን ወዲያው ይሰማል። ቱቦው የአባቱ ነበር። ጫፉ ላይ የአባቱ ጥርስ ያበጀው ትንሽ ጎድጓድ አለ፤ እንድሪስም ጥርሱን የሚያሳርፈው እዚያችው ላይ ነው።

የዚያን ዓመት የመጨረሻ ልጁ ተስኒም ታጨች። እንድሪስ ለኒካዋ የሚደርስ የአንገት ሐብል ሊሠራላት ተነሣ፤ ከወርቅ ክር የሚጠለፉ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ፣ ሽንብራ የሚያካክሉ ሰባት እንክብሎች ያሉት ሐብል። አባቱ ለታላቅ እህቱ ሲድሯት የሠሩላት እንደዚያ ያለ ነበር። ተስኒም «አባ፣ ቀለል ያለ ነገር ይበቃኛል፤ ለምን ትደክማለህ?» ብላው ነበር። እሱ ግን ሰባቱንም እንክብል በዚያች ቱቦ፣ በገዛ ትንፋሹ ሊጨርስ ለራሱ ቃል ገባ። ቃሉን ለማንም አልተናገረም። በርሄ ብቻ ሳይነገረው ገብቶታል።

ያስቸገረው ደረቱ ነው። ሰፈሩ መፍረስ ከጀመረ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይጠብቀዋል። ሲተነፍስ ከሥር አንድ ቀጭን ፉጨት አብሮ ይወጣል።

«ስማ፣ ደረትህ ውስጥ ማሲንቆ የሚገዘግዝ ሰው አስገብተሃል እንዴ?» አለው በርሄ አንድ ቀን፣ የሚሞርደውን ቀለበት ሳያስቀምጥ።

«አቧራው ነው።»

«አቧራውንማ እኔም እየዋጥኩት ነው። የኔ ግን አይዘፍንም።»

ሳሊሀ፣ የእንድሪስ ሚስት፣ እንደ በርሄ አልቀለደችም። ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ቆሞ ኪሱን የሚፈልግ መምሰል እንደጀመረ አይታለች። «ኪስህ ውስጥ የጠፋ ነገር የለም፤ የጠፋው ትንፋሽህ ነው» አለችውና ቀጠሮ አስያዘች። በማግስቱም ራሷ እስከ ቸርችል ጎዳና ሸኘችው።

ክሊኒኩ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሳንባ ሐኪሟ ዶክተር ሐሴት ገና ወጣት ብትሆንም፣ ስትናገር ሰው እስኪገባው ድረስ የምትጠብቅ ናት።

«አባቴ፣ ዛሬ የምናስምግዎት ነገር ሂስታሚን ይባላል» አለችው። «ሰውነትዎ ራሱም ያመርተዋል። አቧራ ወይም ጭስ ሲያስቆጣው ይለቀዋል፤ ሂስታሚኑ ደግሞ የመተንፈሻ ቧንቧን ያጠብባል። እኛ በጣም ከትንሹ ጀምረን እየጨመርን በእንፋሎት መልክ እንሰጥዎታለን። በየመሀሉ ትንፋሽዎን እንለካለን። ጤነኛ ቧንቧ ብዙ እስኪሰጠው ድረስ ግድ አይሰጠውም። አስም ያለበት ግን በጥቂቱ ይደነግጣል።»

የትንፋሽ መለኪያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው መርሻ የሚባል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር። እንድሪስን ሲያይ ፊቱ በራ፤ የጋብቻ ቀለበቱን የሠራለት እሱ ነው። «ጋሼ እንድሪስ! ቀለበቷ እስካሁን ትንሽ አልደበዘዘችም እኮ!» እያለ አፍ መያዣውን አጎረሰው። እንድሪስ ቱቦ በጥርሱ መያዝ የኖረበት ነገር ስለሆነ አልከበደውም። የመጀመሪያውን ሳበ፣ ነፋ፤ ደህና ነው። ሁለተኛውም ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ ደረቱ እንደ ታሰረ ከረጢት ተጨመደደ፣ ያ ፉጨትም መጣ። የማሽኑ ቁጥር ከነበረበት ከሃያ በመቶ በላይ ወረደ።

«ይበቃል» አለች ዶክተር ሐሴት። «አስም ነው አባቴ። ቀላል የሚባለው ዓይነት ነው፤ አይስጉ። ይህን ፓፍ ጠዋትና ማታ በየቀኑ ይስባሉ። ወርቅ ስሠራ በአፌ እነፋለሁ ያሉኝን ግን ለሁለት ወር ይተዉት። ከዚያ መርምረን እንነጋገራለን።»

ኒካው የቀረው አራት ሳምንት ነበር። እንድሪስ ይህን አልነገራትም። አንገቱን ብቻ ነቀነቀ።

የሂስታሚኑ ጥበት ቶሎ እንደሚለቅ ነግራው፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው እንዲቀመጥ፣ ካልቀለለው መርሻ የሚያስታግስ መድኃኒት እንዲሰጠው አዘዘች። ሌላ ቦታ የሚጠብቋት ሕሙማን ስለነበሩ ወጣች። እንድሪስም ወንበሩ ላይ ሆኖ ደረቱ ቀስ በቀስ ሲፈታ ተሰማው። የሚያስታግሰውንም አልፈለገም። ሲፈታ ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣበት።

እሱና በርሄ ዘንድ ወርቅ ነው ተብሎ ዕቃ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ይጭሩታል። ከዚያ ጠርዙን በሞረድ ጥቂት ፍቀው እንደገና ይጭሩታል። የመጀመሪያው ጭረት የሚያሳየው ላዩን ነው፤ ወርቅ የተቀባ ነሐስ መጀመሪያ ላይ ወርቅ ይመስላል። ቆዳው ከተፋቀ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ጭረት ግን የሆዱን ይናገራል። በዚያች ክፍል በአንድ ጭረት የተፈረደበት ዕቃ የለም።

«መርሻ» አለ።

«አቤት ጋሼ፣ ቀለለዎት?»

«ቀሎኛል። እስቲ እንደገና ለካኝ።»

«ምኑን?»

«ያንኑ። ከመጀመሪያው።»

መርሻ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ የጫማ ቁጥር መሰልዎት? ተለካ፣ ታወቀ፣ አለቀ።»

«እኛ አንዴ ጭረን አንፈርድም። ያንተን ቀለበት ወርቅ ስንት ጊዜ የፈተንኩት ይመስልሃል?»

«ዶክተር ሳታዝ…»

«ዶክተርማ አዛለች፣ ለካኝ ብላሃለች። እኔ የምልህ ያዘዘችውን አጥብቀው ነው። ልጄን ልድር ነው መርሻ፤ በዚህ ወሬ ይዤ ቤት ልግባ?»

መርሻ ሰዓቱን አየ፣ በሩን አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። ከመጀመሪያው ምርመራ አንድ ሰዓት ሲሞላ ማሽኑን እንደገና አስነሣው። አንደኛው አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛውን ሲስብ እንድሪስ ዓይኑን ጨፈነ፤ ደረቱ ትንሽ ከበድ አለው እንጂ አልታሰረም። አራተኛው፣ አምስተኛው። ቁጥሩ የወረደው ጥቂት ብቻ ነው።

«ጉድ እኮ ነው!» አለ መርሻ ወረቀቱን ከማሽኑ እየቀደደ። «ግን ጋሼ፣ ለዶክተር ሳናሳይ ምንም አይባልም፣ እሺ?»

«እሺ» አለ እንድሪስ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። የዶክተሯን መመለስ ግን አልጠበቀም።

በርሄ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ተመለከተው። ቁጥሮቹ ምንም አልነገሩትም፤ እንድሪስ ነገሩን ሲያስረዳው ግን ፈገግ አለ።

«መጀመሪያ ነሐስ፣ ሁለተኛ ወርቅ ወጣህ በለኛ! በጭራሽ ያልታየ ነገር ነው።»

«የቱ ነው የሚታመነው ታዲያ?»

«እሱማ ሁለተኛው ነው» አለ በርሄ፤ ለዚህ ማሰብም አላስፈለገውም።

ማታ ሳሊሀ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሐኪሟ አይታዋለች?»

«ታየዋለች።»

«አይታዋለች ወይ ነው ያልኩህ።» እንድሪስ ውሃ ጠጣ።

ፓፉ የመሥሪያ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከብርጭቆ ወረቀቶቹ ሥር ገባ። እንድሪስም ሥራውን ያዘ። እውነቱን ለመናገር እነዚያ ቀናት ደስ የሚሉ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ደረቱ ሲጠብቅ ሁለተኛውን ወረቀት ያስብና ይተወዋል። በአሥራ አንድ ቀን አምስት እንክብል ጨረሰ። እያንዳንዱን ሲጨርስ ቀዳዳዎቹን በብርሃን ያይና ነጭ ጨርቅ ላይ ያስቀምጠዋል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከመንገዱ ማዶ የቀረ ግድግዳ ሲያፈርሱ ዋሉ። አቧራው በበሩ ሥር እየገባ መሥሪያው ላይ ነጭ ሆኖ ተኛ። እንድሪስ ስድስተኛውን እንክብል ከሚበይድበት ከሰል ላይ አስቀምጦ፣ ቱቦውን ነክሶ፣ ነበልባሉን አሹሎ የመጨረሻውን መጋጠሚያ ጀመረ። ክሮቹን የሚያያይዘው ብየዳ ቀልጦ ሊፈስስ ሲል ያብረቀርቃል፤ በዚያች ቅጽበት ትንፋሽ መቆረጥ የለበትም። ብየዳው አብረቀረቀ። የእንድሪስ ደረት ግን ተዘጋ። እንደምንም ብሎ የቀረችውን አየር ሲገፋት ነበልባሉ ተወዛውዞ ክሩ ላይ ወደቀና እንክብሉ በአንድ ጎኑ ሟሙቶ ተኛ። ቱቦው ከአፉ ወድቆ ወለሉን መታ።

በርሄ ቀና ሲል እንድሪስ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ይዞ አገኘው። አፉ ተከፍቷል፤ የሚገባም የሚወጣም ነገር ግን ያለ አይመስልም። በርሄ ሞረዱን ጣለ። ኩራዟን አጠፋ፣ ከብብቱ ደግፎ አወጣው፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ታክሲ በሁለት እጁ አስቆመ። «ቸርችል! ቶሎ በል ወንድሜ፣ ሰው እየሞተብኝ ነው!»

ዶክተር ሐሴት ጭምብል አጠለቀችለት። መድኃኒቱ እንደ ጉም እየገባ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንድሪስ ትከሻውን ማሳረፍ ቻለ። ከዚያ እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ በመታጠፍ ብዛት የለሰለሰውን ወረቀት አወጣና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ስለ ድንጋዩና ስለ ሁለቱ ጭረቶችም ነገራት።

ዶክተሯ አነበበችው። የተለካበትን ሰዓት አየች፤ ከዚያ በር ላይ የቆመውን መርሻን አየችው። መርሻ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የጎተጎትኩት እኔ ነኝ» አለ እንድሪስ።

«እኛ ኋላ እናወራለን መርሻ» አለችው፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። ወደ እንድሪስ ዞራ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ መታ አደረገችው። «መድኃኒቱን ሳቡት?»

«አልሳብኩም።»

«በዚህ ወረቀት ምክንያት?»

«ሁለተኛው ነው ብዬ። ታዲያ የቱ ነው የዋሸው?»

«አንዱም አልዋሸም» አለች። «የመጀመሪያው ቧንቧዎን እንደነበረ አገኘው። ሁለተኛው ያገኘው ከተመታ በኋላ ነው። ሂስታሚን ቧንቧውን ሲያጠብበው ሰውነት ዝም ብሎ አያይም፤ ቧንቧውን የሚያላላ ሌላ ነገር ከውስጥ ያመነጫል። ያ ነገር ለሰዓታት ይቆያል። ስለዚህ በዚያው ቀን ደግመን ብንሰጥዎት ያን ያህል አይደነግጥም። እንደ እርስዎ አስማቸው ቀላል የሆነ ሰዎች ላይ ይሄ ይታያል። ሲያድር ግን ወደነበረበት ይመለሳል። በማግስቱ መጥተው ቢሆን ኖሮ እንደገና ሦስተኛው ላይ ነበር የምናቆመው።»

«እንዲህ ከሆነማ» አለ በርሄ ከማዕዘኑ፣ «ቀኑን ሙሉ አቧራ ቢምግ ይለምደው የለ እንዴ?»

«አይለምደውም ጋሼ። አቧራው ከሂስታሚን ሌላ ብዙ ነገር ያስነሣል። ቧንቧውም ውስጥ ለውስጥ ያብጣል። ፓፉ የታዘዘው ለዚያ እብጠት ነው።»

የእንድሪስ እጅ ሳያውቀው ጉልበቱ ላይ ትንሽ ትንሽ ይመታ ነበር፤ መዶሻ እንደያዘ።

«ብር ደጋግመህ ስትቀጠቅጠው» አለ በመጨረሻ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይለይ፣ «ይደድራል። መዶሻው ይነጥራል እንጂ አይገባበትም። የማያውቅ ሰው ካየው ጠነከረ ይላል። እሳት አሳይተህ ስታቀዘቅዘው ግን ያው የጥንቱ ለስላሳ ብር ነው። አንድም ቀን የደደረን ብር ሌላ ብር ሆነ ብዬ አላውቅም።» ራሱን ነቀነቀ። «ሞኝ ነኝ። እያወቅኩት።»

«የርስዎን ቧንቧ ወደ ጥንቱ የሚመልሰው እሳት ሳይሆን ሌሊቱ ነው» አለች ዶክተር ሐሴት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ምሳሌዎን ለሌሎች ሕሙማን ልወስደው ነው፤ ይፍቀዱልኝ።»

ኒካው የቀረው ሁለት ሳምንት ከምናምን ነበር። እንድሪስ በማግስቱ ፓፉን ከመሳቢያው አውጥቶ፣ ሳሊሀ እንዳለችው፣ ከመፈተኛው ድንጋይ ጎን አቆመው። ጠዋት ይስባል፣ አፉን ይጉመጠመጣል፤ ማታ ቤት ይዞት ሲገባ ደግሞ ሳሊሀ ቆማ ታያለች። በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ አነጠፉ። እንክብሎቹ ግን አምስት ናቸው፤ ሁለት ይቀራሉ።

ሦስት ቀን ጋዙን ሞከረው። ሦስት ቀን ክር አቀለጠ። በአራተኛው ቀን የአባቱን ቱቦ በንጹሕ ጨርቅ ወልውሎ፣ ጫፉን በአልኮል ጠርጎ፣ በርሄ ፊት አስቀመጠው።

በርሄ ቱቦውን አየ፣ እንድሪስን አየ። «ምን ላድርገው?»

«ንፋ።»

«አንተ፣ ከኔ አፍ ከወሬ ሌላ ነፋስ ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?»

«አክሱም አባትህ ዘንድ በዚህ ነው የተማርከው። ነግረኸኛል።»

«አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር እኮ! ደግሞ ጾም ላይ ነኝ።»

«ትንፋሽም ይጾማል እንዴ?»

በርሄ ሳቁን መያዝ አቃተው። ቱቦውን አነሣና ጥርሱን በዚያች ጎድጓድ ላይ ፈልጎ አሳረፈ። እንድሪስ ይህን ሲያይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ከዚያ ተመልሶ ወረንጦውን ያዘ።

ሁለት ቀን በመዳብ ክር ተለማመዱ። እንድሪስ በቀኙ እንክብሉን ይይዛል፣ የግራ አመልካች ጣቱን በበርሄ ፊት ያቆማል። ጣቱ ከፍ ሲል በርሄ ይጨምራል፣ ዝቅ ሲል ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ ነበልባሉ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፤ በርሄም መሀል ላይ ቱቦውን ከአፉ አውጥቶ ይሳደብ ነበር፣ ኩራዟን፣ ቱቦውን፣ አስሙን። በኋላ ግን ዝም አለ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያች ክፍል እንደዚያ ዝም ብላ አታውቅም። ስድስተኛው እንክብል በአራት ቀን አለቀ። ሰባተኛው ኒካው ሦስት ቀን ሲቀረው አለቀ።

ተስኒም ልትለካው ከእናቷ ጋር መጣች። ነጩን ጨርቅ ስትገልጥ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ወዲያውም አባቷን ቀና ብላ አየችው።

«አባ፣ ሐኪሟ አትንፋ አላለችህም?»

«ሁለቱን የነፋው አጎትሽ በርሄ ነው» አለ እንድሪስ። ይህን በቀላሉ እናገረዋለሁ ብሎ አላሰበም ነበር።

«የትኞቹን?»

«ፈልጊያቸዋ!» አለ በርሄ፤ ደረቱን ነፋ። «የኔዎቹ ያስታውቃሉ፤ ቆንጆዎቹ ናቸው።»

ተስኒም ሐብሉን ወደ ብርሃኑ አነሣችው። አንዱን ከአንዱ እያነጻጸረች እንክብሎቹን በጣቷ አንድ በአንድ አሳለፈች፤ ወደ ኋላም ተመለሰች። በመጨረሻ አራተኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄ፣ ትንሽ ጠመም ያለው።»

አራተኛው የእንድሪስ ነበር።

በርሄ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ፣ ሳሊሀም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ተስኒም ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ሁሉንም በየተራ ታያለች። እንድሪስም ሳቀ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ ከሆዱ። ሳሊሀ ሳቋን አቁማ ታዳምጠው ነበር። ሳቁ መሀል ላይ ሳይቆረጥ፣ ፉጨትም ሳይቀላቀልበት፣ እስከ መጨረሻው ሄዶ አለቀ።